ከሐኪሙ ወንበር እስከ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ፤ የሳይነስ ቀዶ ሕክምና የሄደበትና የተመለሰበት መንገድ

በ1651 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ናትናኤል ሃይሞር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ሰው አካል አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት ሴት ታሪክ ሰፍሮ ይገኛል። ሴትዮዋ ሲያሠቃያት የኖረውን የላይኛውን ክራንቻ ጥርሷን ካስነቀለች በኋላ፣ ከጥርሱ ጕድጓድ ያለማቋረጥ ፈሳሽ ይወርድ ጀመር። የፈሳሹን ምንጭ ለማወቅ ቸኵላ በጕድጓዱ የብር ወስፌ ብትሰድ፣ ወስፌው ወደ ዐይኗ አቅጣጫ ዘልቆ ገባ። ይህም አላረካት ብሎ ጸጕሩ የተገፈፈ የላባ ዘንግ ብትጨምር፣ ዘንጉ ያለ አንዳች ከልካይ ወደ ውስጥ መሄዱን ቀጠለ። በዚህን ጊዜ አንጎሏን የነካች መስሏት በታላቅ ድንጋጤ ወደ ሐኪሙ ሄደች። ሃይሞርም ላባው በጉንጭ አጥንት ውስጥ ባለ ባዶ ዋሻ ተጠቅልሎ እንደ ነበረ እንጂ ወደ አንጎል እንዳልዘለቀ አስረድቶ አረጋጋት።

የሴትዮዋ ድንጋጤ ከሞኝነት የመጣ አልነበረም። በሃይሞር ስም የሚጠራው ያ ዋሻ በአዋቂ ሰው ላይ 15 ሚሊ ሊትር ያህል አየር የሚይዝ ሲሆን፣ ጣሪያው የዐይን ወለል ነው። ከዋሻው በላይና ወደ ውስጥ፣ በሁለቱ ዐይኖች መካከል የማር እንጀራ የመሰለ ኤትሞይድ የተባለ አጥንት አለ። ይህን አጥንት ከዐይን የሚለየው ግድግዳ እጅግ ስለ ሳሳ የአካል ጥናት ሊቃውንት በላቲን ቋንቋ «ወረቀት መሳይ ገበታ» የሚል ስም አውጥተውለታል። በስተላይ ከአንጎል የሚለየው አጥንት ደግሞ በአንዳንድ ሥፍራ ውፍረቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ በዚህ መንገድ ብረት ይዞ የሚገባ ሐኪም ሁሉ፣ ከዚያች ሴት ይልቅ የት እንደ ደረሰ የማወቅ ግዴታ አለበት።

በአገራችን አነጋገር ሳይነስ የአካል ክፍል ስም መሆኑ ቀርቶ የበሽታ ስም ሆኗል። «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሕመምተኛ ያልገጠመው ሐኪም አይገኝም፤ ሳይነስ የሌለው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ በግንባሩ፣ በጉንጩ፣ በዐይኖቹ መካከልና ከአፍንጫው ጀርባ እነዚህን ዋሻዎች ይዞ ይኖራል። ችግሩ የሚመጣው ደጃፋቸው ሲዘጋ፣ በውስጣቸው ያለው ንፍጥ ሲታጐርና ወደ መግል ሲለወጥ ነው። መድኃኒት ያላሸነፈውን እንዲህ ያለ ሕመም በቀዶ ሕክምና ማከም የተለመደ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና የት ይፈጸም? ሕመምተኛው ነቅቶ በሐኪሙ የምርመራ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ነው ወይስ በሰመመን ተኝቶ በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ? ጥያቄው ከ2005 ወዲህ በአሜሪካና በአውሮፓ የአፍንጫ ሐኪሞች ጉባኤዎች ላይ እንደ አዲስ ሲነሣ ቆይቷል። ነገር ግን አዲስ አይደለም። ሥራው ከወንበር ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛም መልሶ ወደ ወንበር ሲመላለስ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባመላለሱትም ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሕመም፣ ደምና ጨለማ።

ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ምርጫ አልነበረም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ እንግሊዛዊው ዊልያም ካውፐር የታመመውን ጥርስ ነቅሎ በጕድጓዱ በኩል ዋሻውን በመብሳት መግሉን ያፈስ ነበር። ሕመምተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ረዳት ራሱን ይይዛል፤ ሐኪሙ ይፈጥናል። ከጥርስ ነቃይ ሥራ ብዙም የራቀ አልነበረም። የጉንጭን ዋሻ እንዲህ በጥርስ ጕድጓድ መድረስ ሲቻል፣ በዐይኖች መካከል ያለውን ኤትሞይድና ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ስፌኖይድ ግን ማንም አይደፍራቸውም። ነቅቶ የሚንፈራገጥ ሰው አፍንጫ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ከዐይን ነርቭ አጠገብ ስለት ማስገባት ሕክምና ተብሎ ሊጠራ አይችልም ነበር።

ነገሩን የለወጠው የ1884 መስከረም ነው። በቪየና የሚሠራው ወጣቱ የዐይን ሐኪም ካርል ኮለር የኮኬይን ጠብታ ዐይንን እንደሚያደነዝዝ አረጋገጠ። በሃይደልበርግ ወደ ተደረገው የዐይን ሐኪሞች ጉባኤ ለመሄድ ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ሌላ ሐኪም አነበበለት። በዚያው ዓመት፣ እዚያው ቪየና፣ ኤድመንድ የሊኔክ መድኃኒቱን ለጉሮሮና ለአፍንጫ ሥራ አዋለው። ለአፍንጫ ሐኪም ኮኬይን ድርብ ስጦታ ነበር። ሕመምን ማጥፋቱ ብቻ ሳይሆን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ያበጠው ልባስ ይሟሽሻል፤ መንገዱ ይሰፋል፤ ደሙም ይቀንሳል። ከሦስቱ ጠላቶች ሁለቱን በአንድ የጥጥ ፍታይ ድል ማድረግ ተቻለ ማለት ነው። ጨለማውን ደግሞ ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ባሰረው፣ መካከሉ በተበሳ ክብ መስታወት የመብራት ብርሃን እየመለሰ ይታገለው ነበር።

ከዚህ በኋላ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት የሐኪሙ ወንበር ገነነ። ዮሐን ሚኩሊች የጉንጩን ዋሻ በአፍንጫ በኩል፣ ከታችኛው መተላለፊያ የሚበሳበትን ዘዴ አሳየ። ጥርስ መንቀል ቀረ። በሊሽትዊትዝ ስም የሚጠራው መርፌ ወጥቶ ዋሻውን ወግቶ በሞቀ ውኃ ማጠብ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። ሕመምተኛው በራሱ እግር ይመጣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል በኮኬይን የራሰ ጥጥ አፍንጫው ውስጥ ይዞ ይቀመጣል፤ ይወጋል፤ ሳህን አገጩ ሥር ይዞ መግሉን ያፈስሳል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ሥራ በብዙ የአውሮፓ ክሊኒኮች እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሳይቋረጥ ቆይቷል። ቀላል ቢመስልም የራሱ ሞት ነበረው። ከታጠበ በኋላ ዋሻውን ለማድረቅ አየር የሚነፉ ሐኪሞች ነበሩ፤ አየሩ ወደ ደም ሥር ገብቶ ሕመምተኛው እዚያው ወንበሩ ላይ የሞተበት አጋጣሚ ስለ ተመዘገበ፣ ከመርፌው በኋላ አየር አለመንፋት ለተማሪዎች የሚነገር ጥብቅ ሕግ ሆነ። ኮኬይንም የራሱን ዋጋ አስከፍሏል። በኒው ዮርክ መድኃኒቱን በራሱ ላይ የሞከረው ታላቁ ቀዶ ጠጋኝ ዊልያም ሃልስተድ የሱስ ምርኮኛ ሆኖ ቀርቷል።

የዚያ ዘመን ድፍረት ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ የሚያሳየው በ1895 በቪየና የተፈጸመው ነገር ነው። ቪልሄልም ፍሊስ የተባለ የበርሊን ሐኪም የአፍንጫ ሕመም ከሌላው የሰውነት ክፍል ሕመም ጋር የተሳሰረ ነው የሚል የራሱ ፈጠራ የሆነ ሐሳብ ነበረው። በዚህም ሐሳብ ተመርቶ የወዳጁ የዚግሙንድ ፍሮይድ ሕመምተኛ የነበረችውን ኤማ ኤክሽታይንን አፍንጫ ቀዶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፊቷ አበጠ፤ ሽታው አላስቀርብ አለ፤ ደም አልቆም አለ። የተጠራው ሌላ ሐኪም ቀዳዳውን ሲያጸዳ አንድ ክር የመሰለ ነገር አገኘና ሳበው። ፍሊስ ረስቶት የሄደው ግማሽ ሜትር ያህል ጎዝ ተጐልጕሎ ወጣ። ወዲያውኑ ደም እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ ሴትዮዋ ገረጣች፤ የደም ሥሯ ትርታም ጠፋ። ሐኪሙ በአዲስ ጎዝ ጠቅጥቆ አተረፋት። በቦታው የነበረው ፍሮይድ ግን ራሱን ሊስት ሲል ወደ ጎረቤት ክፍል ሸሸ፤ ሲመለስ ሕመምተኛዋ በወንዶች ጥንካሬ ላይ ቀልዳ እንደ ተቀበለችው እርሱ ራሱ ለፍሊስ በጻፈው ደብዳቤ አስፍሮታል። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሕክምና ተቋም ተወስዳ እንደገና የታከመችው። በሕይወት ተረፈች፤ ጉዳቱ ግን ፊቷ ላይ ቀርቷል።

በዚህ ታሪክ የፍሊስ ስሕተት ብዙ ተጽፎበታል፤ ስለ ክፍሉ የተባለው ግን ጥቂት ነው። ደሙ በፈነዳበት ጊዜ ሴትዮዋ በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ሕይወቷን ያተረፈው ጎዙን ባወጣው እጅና አዲሱን ጎዝ በጠቀጠቀው እጅ መካከል ያለፈው ግማሽ ደቂቃ ነበር። እጁ ትንሽ ቢዘገይ መተኪያ ደም፣ የሚረዳ ሁለተኛ ሐኪም፣ መተንፈሻ የሚጠብቅ ሰው ከየትም አይመጣም ነበር።

በዚያው ጊዜ ሌሎች ሐኪሞች በተቃራኒው ወደ ጠረጴዛው እየሄዱ ነበር። በ1893 በኒው ዮርክ ጆርጅ ካልድዌል፣ በ1897 ደግሞ በፓሪስ ሄንሪ ሉክ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የላይኛውን ከንፈር ገልበው በድድ በኩል የጉንጩን አጥንት በመሮ በመክፈት የታመመውን ልባስ ጠርገው ማውጣትና ወደ አፍንጫ አዲስ መስኮት መክፈት ጀመሩ። «ካልድዌል ሉክ» የሚባለው ይህ ቀዶ ሕክምና ለሰባና ሰማንያ ዓመት ያህል የሙያው ዋና ሥራ ሆኖ ኖረ። አጥንት የሚፈለፍል፣ ደም የሚያፈስስ፣ ፊት የሚያሳብጥ ሥራ ስለ ሆነ ለወንበር የሚመች አልነበረም።

ነገር ግን ጠረጴዛው ራሱ ገና አደገኛ ነበር። ኢተር ከ1846 ጀምሮ በቀዶ ሕክምና ላይ ቢውልም፣ በፊት ላይ ጭንብል ተደርጎ የሚሰጥ መድኃኒት ለአፍንጫ ሐኪም ምን ይጠቅመዋል? ሰመመን ሰጪውና ቀዶ ጠጋኙ በአንድ መዳፍ በሚሸፈን ሥፍራ ላይ ይሻማሉ። ከዚያም በላይ ያንቀላፋ ሰው አይስልም። ከአፍንጫው የሚወርደው ደም በቀጥታ ወደ መተንፈሻ ቧንቧው ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ አስተዋይ ሐኪሞች የነቃና የሚተፋ ሕመምተኛ በወንበር ላይ መያዙ፣ ያንቀላፋና ሊታፈን የሚችል ሕመምተኛ በጠረጴዛ ላይ ከመያዝ ይሻላል ቢሉ ከፍርሃት የተነሣ አልነበረም። ስሌታቸው ትክክል ነበር።

ስሌቱን የገለበጠው ጦርነት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በሲድከፕ ሆስፒታል፣ ሃሮልድ ጊሊስ ፊታቸው በጥይትና በፈንጂ የተበላሸባቸውን ወታደሮች ሲጠግን፣ ሰመመን ሰጪዎቹ አይቫን ማጊልና ስታንሊ ሮውቦታም መንጋጋ በሌለው ፊት ላይ ጭንብል ማድረግ የማይቻል ሆኖ አገኙት። መፍትሔው ቱቦ በቀጥታ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ማስገባት ሆነ። ቱቦው ካለ፣ ጉሮሮም በጎዝ ከተጠቀጠቀ፣ ደሙ ወደ ሳንባ የሚወርድበት መንገድ የለም፤ ሰመመን ሰጪውም ከቀዶ ጠጋኙ መንገድ ገለል ይላል። የአፍንጫ ሐኪም በሙሉ ሰመመን ውስጥ ያለን ሰው ያለ ስጋት ለመቅደድ የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው። የሳይነስ ሕክምና ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የማጊል ስም ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ከማንኛውም አዲስ መቀስ ይልቅ ግን ሥራውን ከወንበር ወደ ጠረጴዛ ያሸጋገረው ያ የጎማ ቱቦ ነው።

ሕመምና ደም ተገቱ፤ ጨለማው ግን እንዳለ ቀረ። የቦስተኑ ሃሪስ ሞሸር በ1912 በአፍንጫ በኩል ኤትሞይድን የመጥረግ ዘዴውን፣ በሬሳ ላይ ባደረገው ረጅም ጥናት አስደግፎ አሳተመ። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1929፣ ያው ሰው ስለዚያው ሥራ ሲናገር፣ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ቢመስልም ሕመምተኛን ለመግደል እጅግ ከሚቀሉት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሆኖ መገኘቱን ሳይሸሽግ መሰከረ። የራሱን ሥራ እንዲህ የሚመዝን ሰው ብዙ አይገኝም። ሞሸር ያየው እውነት ሕመምተኛው ቢነቃም ቢተኛም አይለወጥም ነበር። ሐኪሙ በአንድ ዐይን፣ በአንድ ጠባብ ቀዳዳ፣ ደም በሸፈነው ሥፍራ፣ በእጁ ስሜት እየተመራ ይሠራል። ኤትሞይድ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። በ1962 ኬሮስ እንዳሳየው የአንጎል ወለል በዚያ ሥፍራ በአንዱ ሰው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሰምጥ፣ በሌላው ከ8 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ድረስ ወደ አፍንጫ ጣሪያ ይወርዳል። ይህን ሳያይ የሚሠራ ሰው በዕድል ይሠራል። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን መጥቶ ብዙውን መግል ያለ ስለት ሲያደርቅ፣ ብዙ ሐኪሞች እፎይ ብለው ከኤትሞይድ እጃቸውን ሰበሰቡ።

በዚህ መካከል አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቶ ነበር። ካልድዌልና ሉክ የከፈቱት ሰፊ መስኮት ዋሻው በዚያ በኩል እንዲፈስስ ታስቦ ነው። ግን ይፈስሳል? አሜሪካዊው አንደርሰን ሂልዲንግ በ1930ዎቹ፣ ኦስትሪያዊው ቫልተር ሜሰርክሊንገር ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በግራዝ ከተማ ባደረጓቸው ምርመራዎች፣ ንፍጥ በስበት ኀይል ወደ ታች የሚፈስስ ውኃ እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። በልባሱ ላይ ያሉት በዐይን የማይታዩ ጸጕራማ ነገሮች እንደ ቀዛፊ ሆነው ንፍጡን በተወሰነ መንገድ ወደ ተፈጥሮ ደጃፉ ይነዱታል። ደጃፉ ከወለሉ ይልቅ ለጣሪያው የቀረበ እንደ መሆኑ ንፍጡ ዳገት ይወጣል። ሐኪሙ ከታች አዲስ መስኮት ቢከፍትለት እንኳ ንፍጡ መስኮቱን ዙሮ አልፎ ወደ ቀድሞው በር ይሄዳል። ይህ ማለት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት፣ በወንበርም ሆነ በጠረጴዛ፣ ብዙ አጥንት የተፈለፈለው በተሳሳተው ሥፍራ ነበር ማለት ነው። የጭቅጭቁ አቅጣጫ እዚህ ላይ መለወጥ ነበረበት፤ ሐኪሞች ስለ ክፍሉ ሲከራከሩ ስለ በሩ አላሰቡም።

በሩን ለማየት ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል። የበርሊኑ ሂርሽማን በ1901 የፊኛ መመልከቻ መሣሪያን አሻሽሎ በጥርስ ጕድጓድ በኩል ወደ ጉንጭ ዋሻ ቢመለከትም ምስሉ ደብዛዛ ስለ ነበር ሐሳቡ ቀዘቀዘ። ሥራው ሕይወት የዘራው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በሌንሶች መካከል በነበረው አየር ፋንታ የመስታወት ዘንጎች የገቡበትን ዘዴ በ1959 ካስመዘገበ በኋላ፣ የጀርመኑ የካርል ሽቶርትስ ፋብሪካም በ1960ዎቹ መሣሪያውን ማምረት ሲጀምር ነው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን ሁሉ ወለል አድርጎ አሳየ። ሜሰርክሊንገር በ1978 መጽሐፉን አወጣ። ደቀ መዝሙሩ ሃይንዝ ሽታምበርገርና የባልቲሞሩ ዴቪድ ኬኔዲ ትምህርቱን ወደ ዓለም አዳረሱት። ኬኔዲ በ1985 ዘዴውን «ተግባርን የሚጠብቅ የኢንዶስኮፕ ሳይነስ ቀዶ ሕክምና» ብሎ ሰየመው። በ1971 በመጀመሪያው ሕመምተኛ ላይ የተሞከረው የሲቲ ስካን ምርመራም የእያንዳንዱን ሰው የአንጎል ወለል ጥልቀት አስቀድሞ ማሳየት ቻለ። የሞሸር ጨለማ እዚህ ላይ አበቃ።

በግራዝ ብዙው ሥራ የሚከናወነው በቦታ ማደንዘዣ ብቻ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ ነበር። ይህ የገንዘብ ቁጠባ ብቻ አልነበረም። የዐይን ሽፋን የሆነው ልባስ ሕመም በብርቱ ይሰማዋል። ብረቱ ወደ ወረቀት መሳዩ ገበታ በተጠጋ ጊዜ ሕመምተኛው «ዐይኔን!» ይላል፤ ሐኪሙም ይቆማል። በሙሉ ሰመመን ያለ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በሌላ በኩል ሰመመን ሰጪ ሐኪም የደም ግፊቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ፣ ሥራውን ከደም ሊያጸዳለት ይችላል፤ ፖሊፕ ሞልቶት የሁለት ሰዓት ሥራ የሚጠይቅ አፍንጫ ደግሞ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው አይገኝም። በ1990ዎቹ እየቆረጠ የሚስበው መሣሪያና ብረቱ የት እንደ ደረሰ በስክሪን የሚያሳየው መሪ ኮምፒዩተር ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡ፣ ሚዛኑ ፈጽሞ ወደ ጠረጴዛው አዘነበለ። ጉዳዩ የተቋጨ መሰለ።

ይሁን እንጂ ኢንዶስኮፑ ሌላ ነገር አድርጎ ነበር። አንዱና ያው መሣሪያ በምርመራ ክፍልም በኦፕራሲዮን ክፍልም ስለሚገኝ፣ ሐኪሙ በወንበሩ ላይ የሚያየው በጠረጴዛው ላይ ከሚያየው አያንስም። ማየት ከተቻለ መሥራትም ይቻላል የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። በ2005 የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሳይነስ ፊኛ የተባለውን መሣሪያ ፈቀደ። አሠራሩ ከልብ ደም ሥር ሕክምና የተወሰደ ነው፤ የታጠፈ ትንሽ ፊኛ ወደ ደጃፉ ይገባል፤ በውኃ ተነፍቶ ደጃፉን ያሰፋል፤ ተሟሽሾ ይወጣል። አጥንት አይቆረጥም፤ ልባሱም በአብዛኛው ይድናል። በመጀመሪያ በኦፕራሲዮን ክፍል ተሞከረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ወንበር ተሻገረ። በ2011 በአሜሪካ የክፍያ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ቍጥር ሲሰጠው በክሊኒክ የሚሠራው በፍጥነት በዛ። መሣሪያው ከሕክምና ጥቅሙ በተጨማሪ የሚከፈልበት መንገድም እንዳበዛው መሸሸግ አይገባም።

ሁለቱን ለማወዳደር የተደረገው ታዋቂ ጥናት በ2013 ወጣ። 92 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሱ በቦታ ማደንዘዣ በፊኛ፣ ገሚሱ በኦፕራሲዮን ክፍል በኢንዶስኮፕ ቀዶ ሕክምና ታከሙ። ከስድስት ወር በኋላ የሁለቱም ሕመም በተመሳሳይ መጠን ቀንሶ ተገኘ። ወደ ተለመደ ኑሮ ለመመለስ የፊኛዎቹ በአማካይ 1.6 ቀን፣ የሌሎቹ 4.8 ቀን ወሰደባቸው። ይህ ውጤት «ወንበሩ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ነው» ተብሎ በየአዳራሹ ተነገረ። በጥሞና ላነበበው ግን ጥናቱ ያንን አይልም። የተወዳደሩት ሁለት ክፍሎች ሳይሆኑ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው፤ በአንደኛው አጥንትና ልባስ ተቆርጧል፣ በሌላው አልተቆረጠም። የሦስቱን ቀን ልዩነት ያመጣው ግድግዳው ይሁን መቀሱ ከዚህ አይታወቅም። ከዚህም ሌላ ፖሊፕ ያለባቸው ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም፤ የተመረጡት በሽታቸው በጉንጭ ዋሻና ቢበዛ በፊተኛው ኤትሞይድ የተወሰነ ነበር። ወጪውንም የሸፈነው መሣሪያውን የሚሠራው ኩባንያ ነበር። ይህ ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም። ለማን እንደሚሠራ ግን ይወስነዋል።

ስለዚህ ዛሬ ሁለቱን ክፍሎች የሚያመዛዝን ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለ በሽታው ነው። ደጃፉ ጠብቦ ዋሻው እየታጐረ የሚመላለስበት፣ ሌላ ሕመም የሌለበትና መርፌ የማይፈራ ሰው ለወንበሩ የተገባ ነው። ከሙሉ ሰመመን ጣጣ ይድናል፤ ጾም አያድርም፤ ለኦፕራሲዮን ክፍልና ለሰመመን ሰጪ የሚከፈለውንም ወጪ ይቀንሳል። ልቡ ወይም ሳንባው ደክሞ ሰመመን የማይችለው አዛውንትም እንዲሁ። ፖሊፕ አፍንጫውን የሞላው፣ አስም ያለበት፣ ከዚህ ቀደም ተቀዶ ምልክቶቹ የጠፉበት፣ በሲቲው ላይ የአንጎል ወለሉ በጥልቅ የሰመጠ፣ ወይም ሕፃን የሆነ ሕመምተኛ ግን የጠረጴዛው ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድና መድኃኒቱን ማቋረጥ የማይችል ሰው በሁለቱም ዘንድ አስቸጋሪ ነው፤ ለርሱ የሚደማው ሥራ በወንበር ላይ ባይጀመር ይመረጣል።

ወንበሩም ቢሆን የሚመስለውን ያህል የዋህ አይደለም። ኮኬይንን በአብዛኛው የተካው ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ሲሰጥ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ7 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ420 ሚሊ ግራም በላይ አይወስድም ማለት ነው፤ ይህም መቶኛው 2 ከሆነው መድኃኒት 21 ሚሊ ሊትር ነው። በመርፌ የተሰጠውን ቆጥሮ በጥጥ የተቀባውንና በመርጫ የተረጨውን የሚረሳ ሐኪም፣ የአፍንጫ ልባስ መድኃኒት በፍጥነት እንደሚመጥ ዘንግቷል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደሙን ሲያይ ወይም መርፌው ሲነካው ራሱን ሊስት ይችላል፤ ወንበሩ ወዲያው የማይዘረጋ ከሆነ ችግሩ ይባባሳል። በክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን፣ ጠንካራ መምጠጫ፣ የመተንፈሻ መሣሪያና በዚያ መሥራት የሚችል ሁለተኛ ሰው ከሌሉ፣ የ1895ቱ የቪየና ክፍል ከነሙሉ ትዝታው ተመልሷል።

አንድ ነገር ግን በሁለቱ መካከል የተሰመረውን መስመር ያደበዝዘዋል። በጠረጴዛ ላይ የሚሠራው የኢንዶስኮፕ ቀዶ ሕክምና እዚያ አይፈጸምም። ሕመምተኛው በቀጣዮቹ ሳምንታት ወደ ክሊኒኩ እየተመላለሰ የረጋውን ደምና ቅርፊት ማስወገድ አለበት፤ ይህ ካልሆነ የተከፈተው በር በጠባሳ ይዘጋል። በ2013ቱ ጥናት በኢንዶስኮፕ የተቀደዱት ለእያንዳንዳቸው በአማካይ 1.2 ጊዜ ጽዳት ሲያስፈልጋቸው፣ በፊኛ የታከሙት 0.1 ብቻ አስፈልጓቸዋል። ከ2011 ወዲህ ደጃፉን ከፍቶ መድኃኒት እያመነጨ የሚቀልጥ መደገፊያ በኦፕራሲዮን ጊዜ መትከል ተጀምሯል፤ በ2017 ደግሞ ፖሊፕ ተመልሶ ለበቀለባቸው፣ በወንበር ላይ የሚተከል ዓይነት ተፈቀደ። ከሙሉ ሰመመን ነቅቶ ወደ ቤቱ የሄደው ሕመምተኛ፣ ሳምንት ሳይሞላው ያንኑ ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ በመድኃኒት የራሰ ጥጥ አፍንጫው ውስጥ ይገባል፤ ሐኪሙም ኢንዶስኮፑን አንሥቶ ውስጡን እየተመለከተ «ሲያምህ ንገረኝ» ይለዋል።